የጋሽ ቢተው ሻይ ቤት የተዘጋበት ጥር

ክው ነው ያልሁት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ታላቅ ወንድሜ አንተነህ በወጣትነቱ ሄዶ እዚያው በቀረበት በሞጣ ሴት ልጁን ይድር ነበርና ለሠርጉ እየሄድሁ ነው። መኪናችን ብቸና ላይ ለምሳ ቆመ። የተወለድሁበት ከተማ ነው፤ ምሳው ይቅርብኝ፣ ሰፈሬን ልይ ብዬ ባጃጅ ያዝሁና ሾፌሩን «ጋሽ ቢተው ሻይ ቤት አድርሰኝ» አልሁት። በመስታወቱ አየኝ። እንዲህ የሚባል ቦታ አላውቅም አለኝ። ከኳስ ሜዳው ፊት ለፊት ነው እኮ፣ ብቸና ተወልዶ እሱን የማያውቅ ሰው አለ ወይ ብዬ መንገዱን እኔው መራሁት። ስንደርስ ሻይ ቤቱ የለም። ባለ ሰማያዊ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ሜዳውም ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሮ ብሎኬት ይመረትበታል። ድሮ ያ ቦታ የሚሸተው ቅርንፉድና የረጠበ ማልያ ነበር፤ አሁን የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ደርቄ መቅረቴን ሲያይ ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ የሆነ ሻይ ቤት ነበረ አሉ፣ ገበያ ጠፍቶ ነው የተዘጋው አለኝ።

ገበያ ጠፍቶ! ንዴቴ የመጣው ያኔ ነው። የአባቴ ሻይ ቤት የተዘጋው ሰው ሞልቶበት፣ መቀመጫ ጠፍቶ ጎረምሳው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ እየጨፈረ፣ ብቸና እንደዚያ ደስ ብሏት በማታውቅበት ቀን ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ልጁ ሌላ ሰው ጭኖ ሄዷል። የዛሬ ልጅ የት ጊዜ አለው። እንግዲህ ለእሱ ያልነገርሁትን እናንተ ስሙኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሻይ ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። አባቴ ሻዩን ያፈላል፣ እናቴ ፓስቲ ትጠብሳለች፣ ታላቅ እህቴ ስመኝ ብርጭቆ ታጥባለች። በረንዳው ላይ ጆተኒ አለ፤ ሲንኳኳ ነው የሚውለው። ሻይ ቤት ይባል እንጂ የነጎድጓድ ቤት ነበር። ነጎድጓድ የብቸና ኳስ ቡድን ነው። ክለብ ብዬ አላጋንነውም፤ ቢሮ የለው፣ ማኅተም የለው። ተጫዋቾቹ ልብስ የሚቀይሩት እኛ ጓዳ፣ ሲሸነፉ የሚያለቅሱትም እኛ ጓዳ፤ ማልያቸውን የምታጥበው ስመኝ ናት። ዝናብ ሲሆን ማልያው ከምድጃው በላይ በገመድ ይሰጣል። ታዲያ ሻዩ ማልያ ማልያ፣ ማልያውም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ማንንም ቅር ብሎት አያውቅም። እኔማ በዓለም ያለ የኳስ ቡድን ሁሉ ከሻይ ቤት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሬዲዮው የውጭ አገር ቡድን ሲጠራ ሻያቸውን ማን እንደሚያፈላላቸው አባቴን እጠይቀዋለሁ።

የነጎድጓድ በረኛ አንተነህ ነበር። እጁ ሰፊ ነው፤ ብርጭቆ ሲያነሳ ብርጭቆው ይጠፋል። ኳስ ሲይዝ ደግሞ ሴቶቹ እንኳ በደስታ እልል ይሉለታል። አባቴ ግን ልጁ ሲጫወት አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ሻዩ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ ከበራዱ አጠገብ አይጠፋም። የሚከታተለው በጆሮው ነው። ጩኸቱ ከሜዳው ሲመጣ እጁን አቁሞ ያዳምጥና «አገባን» ይላል፣ ወይም «አንተነህ አዳናት»።

አሁን ደግሞ የስመኝን ነገር ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ የሚሆነው ሁሉ አይገባም። በፊተኛው ዓመት ከደብረ ወርቅ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን ያራከሰ ይመስላል። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይቀጥራቸዋል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይቀጥራቸዋል። አባቴም ወጉን ጠብቆ ቀጠራቸው። አልተመለሱም። ሌላ ቤት ጠይቀው እዚያ ተሰጣቸው። ስመኝ ያን ክረምት እህል የቀመሰችው እንደ ነገሩ ነው። እናቴም በቀጠሮ ገፍተህ ሰደድሃቸው እያለች አባቴን ዓመቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ብቸና የሚያስተምር አንድ የሞጣ ልጅ ስመኝን ወዷታል፣ ከገና በፊት ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ቤታችን ገባ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሞጣ የሚል ስም በሰማች ቁጥር አግዳሚ ወንበሮቹን ትወለውል ጀመር።

በዚያው ሰሞን የሞጣ ቡድን በረኛ ክንዱ ተሰብሮ ኖሯል። አሰልጣኛቸው መጥቶ ለእኛ ተጫወትልን ብሎ አንተነህን ለመነው፤ ይህን የሰማነው በኋላ ነው። አንተነህም «አባቴን ጠይቁ» አለው። በእኛ ዘንድ አንድ ጎልማሳ አባቴን ጠይቁ ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ አባት ይጠራል፤ ጠያቂውም ይገባውና ይተዋል። አሰልጣኙ ግን ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ የተባለውን እንደተባለ ወሰደው። አባቱ ከፈቀደማ አለቀ ብሎ የሞጣን ትልልቅ ሰዎች እግር ሳመ።

እሑድ ጧት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፋችን ቆሙ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ መስቀል ይዘዋል። ከሞጣ መምጣታቸውን ሲናገሩ እናቴ ስመኝን በክንዷ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ጎተተቻት፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ ስለዚህ እንደቆሙ መሪጌታው ጀመሩ። አቤት ሲያረዝሙት! ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ ዝምድና፣ በአንድ ገበያ ስለመገናኘታችን፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለመሆኑ። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። አባቴ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል።

«የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ» አላቸው፤ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። «ሰጥቻለሁ።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ስመኝ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሦስት ጊዜ ሊመላለሱ ነበር የተዘጋጁት። መሪጌታው አንድ ቀጠሮ እንኳ ሳትሰጠን ብለው አባቴን ጠየቁት። እሱም ባለፈው ቀጥሬ አይቻለሁ አላቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው፣ መሪጌታው ብርጭቆውን ይዘው መረቁ። ምርቃታቸውን ሲጨርሱ ነው ያ ነገር የመጣው።

«እንግዲህ አንተነህን እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቀዋለን። አደራው በእኔ ነው። ጎላችን ከእንግዲህ ባዶ አይደለም።»

እናቴ ሁለተኛውን እልልታ ጀምራው ነበር፣ መሃል ላይ ቆረጠችው። የበራዱ ክዳን ብቻ ይንቀጫቀጫል። ስመኝ ነጠላውን ከፊቷ ቀስ ብላ አወረደችው። እኔ ደግሞ ወንድሜን ሊድሩት መስሎኝ፣ ካባ ለብሶ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሞጣ ሲወሰድ ታየኝና እኔም ሚዜው ልሁን ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ቆነጠጠችኝ፤ ያን ቁንጥጫ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አባቴ ግን ያፈሰሰውን የሚለቅም ሰው አልነበረም። መሪጌታው ነገሩን ሲረዱ እሳቸውም ደንግጠው፣ ስሕተት ነው፣ እንተወው ብለውታል። አባቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ መስቀል ተሳልሜ ነው የተናገርሁት አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንተነህ ኳሱን በብብቱ ይዞ ሲገባ ለሞጣ ሰጥቼሃለሁ ተባለ። ሳቀ። የእናቴን ፊት እስኪያይ ድረስ ሳቀ።

ብቸና በአንድ ጊዜ ጉድ አለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ ይኸ ግን በታኅሣሥ መጣ አሉ ሴቶቹ። ነጎድጓዶች ጓዳችን ውስጥ ተቀምጠው አባቴን በሽማግሌም በልቅሶም ሞከሩት። ምን ሆነሃል፣ ጥር ላይ የምንጋጠመው እኮ ከራሷ ከሞጣ ጋር ነው አሉት። እሱም አውቃለሁ አላቸውና ሻያቸውን ቀዳላቸው። አንተነህ ገና በዋለ በሳምንቱ ሄደ። የሄደበትን መኪና እናቴ እስከ ከተማው መውጫ በእግሯ ተከትላዋለች። የስመኝ ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ መጡ፤ አባቴም ገና ከደጅ ሳሉ የልጅቷን ስም ጠርታችሁ ጠይቁኝ አላቸው። እንዲያ ባለ ሐዘን መሃል እንኳ ቤቱ ስቋል።

ጥምቀት አለፈና የጨዋታው ቀን ደረሰ። በዋዜማው የነጎድጓድ አምበል ብቻውን መጣ። እኔ ከጆተኒው ሥር የወደቀ ኳስ እፈልግ ነበርና ሰማሁት። ልጅህ እምቢ አይልህም፣ አንዲት ብቻ ይልቀቅልን፣ ማንም አያውቅም እያለ ለመነው። አባቴ አልተቆጣም። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የመለሰለት።

«ሰጥቻለሁ ካልሁ ወዲያ ከሰጠሁት ላይ አልቀንስም» አለው።

በማግስቱ ሞጣዎች በሁለት አይሱዙ አቧራ ለብሰው ገቡ። አደራ የተቀበሉት መሪጌታም አብረው መጥተዋል። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃውን ለእናቴ ትቶ፣ እኔን በእጁ ይዞ ሜዳ ወጣ። የተቀመጠውም የት መሰላችሁ፣ ከሞጣ ሰዎች መሃል፣ ከመሪጌታው አጠገብ። የብቸና ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ። እኔ በሐፍረት አባቴ ጋቢ ውስጥ ገባሁ። አባቴ ግን ኳሷን መከተል አልቻለበትም፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነና እንደ ቤቱ በጆሮው ማየት ጀመረ።

አንተነህ ያን ቀን የያዘውን ኳስ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ከእግር ሥር ሲነጥቅ! የብቸና ሰው እየተናደደበት ያጨበጭብለት ነበር። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ ይላል። መሪጌታው ተባረክ፣ ተባረክ ይላሉ። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል አንዱ የነጎድጓድ ልጅ ከሩቅ መታ። አመታቱ የደከመ ነው፤ ኳሷ አቧራው ላይ እየተንከባለለች መጣች፣ እኔ እንኳ እይዛት ነበር። አንተነህ ተንበረከከላት። በክንዱና በመሬቱ መሃል አልፋ ገባች።

ጩኸቱ ምድሩን አናወጠው። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። በጆሮው የሰማውን አላመነም መሰለኝ፣ ምን ሆነ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አንሸራቶት ነው አልሁት፤ ለእኔ እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ፊሽካው ሲነፋ አባቴ ተነስቶ በሕዝቡ መሃል ወደ ጎሉ ሄደ። አንተነህ እዚያው ቆሟል።

«አንሸራቶህ ነው?» አለው።

ወንድሜ አዎ ቢል ኖሮ ያቺ ቤት እስከ ዛሬ ሻይ ታፈላ ነበር። ግን አባቴን ዋሽቶት አያውቅም።

«አላንሸራተተኝም አባዬ» አለው። «ካሳፈርኋቸው ወደ ቤቴ ይመልሱኛል ብዬ ነው።»

አባቴ ዞሮ ወደ ቤት ገሰገሰ፤ እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። ስንደርስ ሻይ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አግዳሚው ላይ ወጥተዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥተዋል፣ ከበሮ ይመታል፣ «ቢተው ቢተው የእኛ አባት» እያሉ ነው። አምበሉ አባቴን ሊሸከመው መጣ። እናቴ እንኳ ሳቋን መመለስ አልቻለችም፣ ልጄ ሊመለስልኝ ነው ብላለች። አባቴ በሰው መሃል ሰንጥቆ ገባና ምድጃው ላይ ውሃ ደፋበት። ቤቱ በእንፋሎትና በአመድ ተሞላ።

«ውጡ» አለ።

የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ደገመው። አንድ በአንድ ወጡ። እናቴንም በክንዷ ይዞ አወጣት። በሩን ቆለፈ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ የነበረውን የበር መደገፊያ ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ አደረገና ወደ አይሱዙዎቹ ሄደ።

እኔ ሞጣዎችን ሊፈነክታቸው መስሎኝ በፍርሃት ቀዘቀዝሁ። እኔ ብቻ ብሆን መልካም ነበር። ጎረምሳውም እንደኔ ነው የገመተው፤ ጋሽ ቢተው በልጁ ጉዳይ ሞጣን ሊወግር ነው ብሎ ከየመንገዱ ዳር ድንጋይ እያነሳ ተከተለው። ሞጣዎቹ ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ መኪናው ላይ ተጠጋጉ፤ ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አባቴ ከመሪጌታው ፊት ደረሰና፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ አቧራው ላይ ተንበረከከ።

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚንበረከክ በአገራችን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ለነፍስ እንጂ ለኳስ ሲደረግ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ከኋላዬ ድንጋዮቹ ከየእጁ ሲወድቁ ሰማሁ።

«የሰጠሁትን መልሼ ሰርቄአችኋለሁ» አለ አባቴ። «ይቅር በሉኝ።»

መሪጌታው ድንጋዩን ከጫንቃው አነሱለት። ይቅር ብለናል፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን አሉ። ከዚያ አንተነህን በክንዱ ይዘው አመጡትና ይኸ ልጅ ልቡ እዚህ ነው፣ መልሰንልሃል አሉት። አንተነህ ፊቱ በራ። እናቴ እጇን ዘርግታ መንገድ ጀምራለች። ከሰዉም እልል ያሉ ነበሩ።

አባቴ እንደተንበረከከ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም። እኔ የሰጠሁት የሚታመን ልጅ ነበር። እንደዚያ ሆኖ የተገኘላችሁ ቀን እናንተው ትሸኙታላችሁ፤ እስከዚያ የእናንተ ነው።»

እናቴ የሰዉ ሁሉ ልብ እስኪቆረጥ ጮኸች። አባቴ ተነሳ፣ የጉልበቱን አቧራ እንኳ አላራገፈም። አንተነህን አንገቱን አቅፎ ግራና ቀኝ ሳመው፣ መዳፉን ያዘና አንዳች ነገር አስጨበጠው። ለመንገድ የሚሆን ከረሜላ መስሎኝ ቀናሁበት። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ብቸና ሞጣን አሸንፋ የሚዘፍን ሰው ጠፋ፤ ከበሮውን የያዘው ልጅ በጋቢው ሸፍኖት ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጧት ሻይ የለመደ ሰው ሁሉ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እናቴ ዓይኗ አብጦ፣ ውሃውን ቀድታ መጣችና ምድጃውን ላቀጣጥል፣ ቁልፉን አምጣ አለችው።

«ቁልፉ ሞጣ ነው» አላት።